ድሩሲላ ታፕን ከተማ ያልከረመችበት ክረምት

ድሩሲላ ታፕን በ1873 ከኦሃዮ ተነስታ ወደ ነብራስካ ስትሄድ ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ፣ ጓዟ አንድ ሣጥንና አንድ ማረሻ፣ ስንቋ ደግሞ የአሥራ አንድ ዘመድ ኩርፊያ ነበር። ዘመዶቿ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የተቀየሙት ያላገባች ሴት ምን እንደምትሆን እሷ ሳትሰማ ተስማምተው ጨርሰው ስለነበር ነው። በወንድሟ በአልቫ ቤት ደረጃ ሥር ያለችው ክፍል ተጠርጋ አልጋ ገብቶባታል። የአልቫም ሚስት ልጆቹን ማን እንደሚያጥብ፣ ቅቤውን ማን እንደሚንጥ፣ አማቷን በእርጅናቸው ማን እንደሚያገላብጥ ሐሳቧን ጥላ አርፋለች። ድሩሲላ ክፍሏን ገብታ አየች፣ የጣራዋን ቁመት በግንባሯ ለካች፣ በሳምንቱ ባቡር ተሳፈረች።

በዚያን ጊዜ መንግሥት በምዕራቡ ሜዳ ላይ ለጠየቀ ሁሉ መቶ ስድሳ ኤከር መሬት ይሰጥ ነበር። ወንድ ሴት አይልም፤ ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶት ራሱን የቻለ ሰው ይፈርማል፣ አምስት ዓመት እዚያው እየኖረ ያርሳል፣ ከዚያ በሁለት ሰው አስመስክሮ መሬቱን የራሱ ያደርጋል። ክልክሉ አንድ ነው፤ ከስድስት ወር በላይ ጥሎ መጥፋት አይቻልም። ጥሎ የጠፋ ይነጠቃል። መጥፋቱን ያስመሰከረ ሰው ደግሞ መሬቱን ለመውሰድ ቀዳሚ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ጎረቤት ማለዳ ማለዳ በበር ብቅ ብሎ ደህንነትህን ሲጠይቅ፣ ነገሩን ሁሉ በፍቅር ብቻ መተርጎም የዋህነት ነበር።

የድሩሲላ መሬት በጋ ከክረምት የማይደርቅ ምንጭ ነበረው። ከምንጩ በቀር የነበራት ሀብት ነፋስ ነው። ነፋሱ ከመበርታቱ የተነሳ ሰው ደጅ ቆሞ የተናገረውን የሚሰማው አጠገቡ ያለው ሳይሆን ሦስት ማይል ርቆ ያለው ነበር ይባላል፤ ሐሜት የሚጠላ ሰው አፉን የሚከፍተው ቤት ገብቶ ነው። ዛፍ የሚባል የለም። ቤቷን የሠራችው ከነሣሩ በማረሻ ተገልብጦ እንደ ጡብ ከተቆረጠ አፈር ሲሆን፣ ያገዟት ከሸለቆው ማዶ የሚኖሩት ሆሬስ ግሪምስና ሚስቱ ሮዳ ናቸው። ቤቱ በብርድ ይሞቃል፣ በሙቀት ይቀዘቅዛል፤ ችግሩ ዝናብ ነው። ደጅ የጀመረው ዝናብ ደጅ ካባራ በኋላ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ይከርማል። አንዳንዴም ከጣራው እባብ ይወርዳል። ድሩሲላ መጀመሪያ ትጮህ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ገፋ አድርጋው ሥራዋን ትቀጥላለች፤ በሦስተኛው ዓመት እባቡ ነው የሚደነግጠው።

ሴትዮዋ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ትጽፍ ነበር። አንደኛው ለአባቷ የምትልከው ደብዳቤ ነው። በደብዳቤው ውስጥ በቆሎው ሰው ያክላል፣ ላሚቱ ትታለባለች፣ ጤናዋም እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለተኛው ቀን በቀን የምትይዘው ማስታወሻ ነው። በማስታወሻው በቆሎውን አንበጣ በልቶታል፣ አንበጣው ከበቆሎው ጋር የመጥረቢያውን እጀታ ቀምሷል፣ ላሚቱ ነጥፋለች፣ እሷንም ለሦስት ቀን ትኩሳት አንቀጥቅጧታል። በቀኑ ብርሃን ምላሷ የተቆጠበ፣ ሰላምታዋ የሠለጠነ ሰው ነበረች። ማስታወሻዋን ስትከፍት ግን ለማንም ምሕረት የላትም። ሌላ የምታወራው ሰው ስላልነበረ፣ ሰው ለጓደኛው ሹክ የሚለውን ሁሉ ለወረቀቱ ሹክ አለችው።

በ1876 መከር ላይ ከአባቷ ደብዳቤ መጣ። አቶ ኤልካና ታፕን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ቃላቸው አይታጠፍም፤ በስሕተት የሌላ ሰው ባርኔጣ አድርገው ቢመለሱ ባርኔጣውን ለባለቤቱ ለመመለስ አሥራ ዘጠኝ ማይል በእግራቸው የሄዱ ሰው ናቸው። ደብዳቤያቸው አጭር ነው። የሚመጣውን የበረዶ ክረምት በዚያ የአፈር ጉድጓድ ብቻዋን የምታሳልፍ ከሆነ፣ ከአልቫ ጋር በመጀመሪያው ባቡር መጥተው ወደ ቤቷ ይመልሷታል።

ድሩሲላ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከአምስቱ ዓመት ሦስቱን ጨርሳለች። አባቷ ከመጡ እምቢ ማለት እንደማትችል ታውቃለች፤ እባብ የማያስደነግጣት ሴት አባቷ ፊት ስትቆም የስድስት ዓመት ልጅ ትሆናለች። ስለዚህ ተቀምጣ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ትልቅ ውሸት ጻፈች። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ኮርንዌል ከተማ ገብታ፣ በቄስ ዊንስሎው ቤት እንደምትከርም ነገረቻቸው። ቤቱ ባለ ምድጃ ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አለ። ኦርጋንም አለ።

ኮርንዌል ያኔ አሥራ አንድ ቤት ነበረች፤ ከአሥራ አንዱ ደህና ጣራ ያለው የፈረሶቹ ጋጣ ነው። ቄስ ዊንስሎው የሚባል ሰው አልተፈጠረም። ነገር ግን ውሸት አንዴ ከተጀመረ መመገብ ይፈልጋል፤ አባቷም በየወሩ ስለ ቄሱ ይጠይቃሉ። በታኅሣሥ ኦርጋኑ ባለ ሁለት ረድፍ ሆነ። በጥር ቤቱ ፎቅ አበቀለ። በየካቲት የቄሱ ሚስት የፈረንሳይኛ ትምህርት ጀመረች። ድሩሲላ ይህን ሁሉ የጻፈችው በእርሳስ ነው፤ ቀለሙ ከጠርሙሱ ጋር በረዶ ሆኖ ነበርና። ኩበት እያነደደች፣ የላሚቱን ብርድ ልብስ ደርባ፣ ምንጣፉን አበባ በአበባ ሠራችው።

አባቷ ልጃቸው የተመቻት መስሏቸው በኩራት ሊፈነዱ ደረሱ። ደብዳቤዎቹን እንደ ደንቡ ለጉባኤው አስነበቡ። ከምዕራብ የመጣ ደብዳቤ ያን ጊዜ የአንድ ቤት ዕቃ አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያን አደባባይ ወደ መንደሩ ጋዜጣ ይሄዳል። የኦሃዮው ጋዜጣ አሳተመው። ጋዜጦች ደግሞ ወሬ ይዋዋሳሉ፤ እየዞረ እየዞረ ወረቀቱ ኮርንዌል ራሷ ደረሰ፤ የኮርንዌሉ አዘጋጅ ኮሎኔል ቢክስቢ፣ ኮሎኔልነቱን ማን እንደሰጠው እስካሁን ያልታወቀ ሰው፣ ከተማው ኦርጋን እንዳለው በማወቁ በደስታ አልቅሶ በትልልቁ ፊደል መልሶ አተመው። «አንዲት የተከበረች የአገራችን ሴት በኮርንዌል የከረመችውን ክረምት እንዲህ ትገልጸዋለች» የሚል ርእስ ሰጠው። ስሟንም ከነአባቷ ጻፈው።

ድሩሲላ ይህን ያየችው አንድ ዓመት ቆይቶ፣ አምስቱ ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ያየችውም በአሳሄል ፕሩት እጅ ነው።

አሳሄል ፕሩት ከሸለቆው ወዲህ ያለ ብቸኛ ጎረቤቷ ነው፤ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ያላገባ፣ ጉንጩ ሞላ ያለ ሰው። መሬቱ ደህና ነው፤ ውኃ ግን የለውም። ጉድጓድ ቢያስቆፍር መቶ ጫማ ወርዶ ያገኘው ሌላ ደረቅ አፈር ነው። ጋዜጣውን አጣጥፎ ደጇ ላይ ቆሞ፣ እንደ ጎረቤት ቀድሞ ሊነግራት መምጣቱን፣ ነገሩ ከሕግ እንጂ ከክፋት እንዳይቆጠርበት ነገራት። መሬቷን ለስድስት ወር ከስምንት ቀን ጥላ ስለመሄዷ የገዛ ደብዳቤዋ መስክሯልና ክስ መሥርቷል።

«እዚህ እንደነበርኩ አንተ ታውቃለህ» አለችው።

«እኔ የማውቀው ጋዜጣው ያለውን ነው» አለ ፕሩት፤ እየተናገረም ዓይኑ ወደ ምንጩ ሄደ።

በማግሥቱ ድሩሲላ ኮርንዌል ወረደች። ከተማው ተለውጧል። ከአሥራ አንድ ቤት ወደ ሃያ ስድስት አድጓል፤ ሰዎቹ ፊታቸው ታጥቧል። ኮሎኔል ቢክስቢን ማተሚያው ሥር አገኘችውና፣ እጁ በቀለም እንደጠቆረ፣ አንድ ነገር ብቻ እንዲመሰክርላት ለመነችው፤ በኮርንዌል ቄስ ዊንስሎውም፣ ምንጣፍም፣ ኦርጋንም እንዳልነበረ።

ቢክስቢ በሩን ዘጋ። «ወይዘሪት ታፕን፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ እንጂ። ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። ውሸት ነው። እኔው ነኝ የፈጠርኩት።»

«አንቺ ብትፈጥሪውም አሁን የከተማው ነው። ስድስት ቤተሰብ ያንን ኦርጋን ብሎ ከኢንዲያና ድረስ መጥቷል። የባቡሩ ኩባንያ ሰው ሳይቀር ስለ ኦርጋኑ ጠይቆኛል።»

«መጥተው አጡት አይደል? ታዲያ ምን አሉ?»

«ለጥገና ሺካጎ ሄዷል አልናቸው» አለ ቢክስቢ ዓይኑን ሳያሽ። «አየሽ፣ እህቴ፣ እኔ መሐላ ገብቼ ኮርንዌል ኦርጋን የላትም ማለት እናቴን መካድ ነው። መሬትሽን ብታጪ ግን በጣም አዝናለሁ። ጥሩ አድርጌ እጽፈዋለሁ።»

ወደ ሱቁ ሄደች፤ ወደ አንጥረኛው ሄደች፤ ጋጣውም ሄደች። ሁሉም አዘኑላት። ሁሉም ቡና ጋበዟት። አንዱም ግን ኦርጋኑን ሊክድ አልፈቀደም፤ አንጥረኛውማ ጭራሽ ድምፁን ሰምቼዋለሁ አላት። ድሩሲላ ሃያ ማይሉን መንገድ ስትመለስ አላለቀሰችም። ቤቷ ገብታ ሣጥኗን ከፈተችና የዚያን ክረምት ማስታወሻ አወጣች። ካነበበችው በኋላ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ሰው እንዲሰማው የተጻፈ መጽሐፍ አልነበረም። ቢሆንም በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው።

ችሎቱ የዋለው አምስቱ ዓመት በሞላ ሳምንት ነው። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሠላሳ ማይል ይርቃል። ያደረሷት ግሪምሶች ናቸው። ሆሬስ የበጎቹን ጠረን በሳሙና አስለቅቆ ኮት ለብሷል፤ ሮዳ ምሳ በቅርጫት ይዛለች፤ እሱ በምስክርነት፣ እሷ ደግሞ ፕሩትን ፊት ለፊት ለማፍጠጥ ነው የሚሄዱት። ሮዳ ግሪምስ ሰፊ፣ ለጋስ፣ ለጎረቤቷ ነፍሷን የምትሰጥ ሴት ነበረች። ከነፍሷም ሌላ በየጊዜው ዳቦ ትሰጣለች።

ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። በዚያ አገር የመሬት ክርክር ማለት ቴአትር ነው፤ ሰው ከነልጆቹ፣ ከነምሳው ይመጣል። ከኮርንዌል ሳይቀር አሥራ አምስት ሰው ወርዷል፤ ኦርጋኑ እንዳይሰደብ ለመጠበቅ ይመስላል። ክርክሩን የሚሰማው የጽሕፈት ቤቱ ሹም ነጭ ጺም ያለው፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ ነው። የፕሩት ጠበቃ ጋዜጣውን በሚያምር ድምፅ ከዳር እስከ ዳር አነበበው፤ ምንጣፉ ላይ ሲደርስ ሁለት ሴቶች በረጅሙ ተነፈሱ።

ሹሙ ጽሑፉ የእሷ መሆኑን ጠየቃት።

«የእኔ ነው» አለች ድሩሲላ። «ለአባቴ ዋሽቻለሁ። ለመንግሥት ግን አልዋሸሁም። ያን ክረምት አንድ ሌሊት እንኳ ከመሬቴ ውጭ አላደርኩም።»

ከዚያ ሆሬስ መሰከረ። ለገና ከሚስቱ ጋር ቤቷ ሄደው ምሳ መብላታቸውን ነገረ። ጠበቃው ለበዓል ብቅ ብላ መመለስ መኖር እንዳልሆነ አስረዳና፣ ከገና በኋላስ አይተዋታል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሆሬስ ሐቀኛ ሰው ነው፤ ከገና ማግሥት ጀምሮ በረዶው ሸለቆውን ሞልቶት እስከ ሚያዝያ ማንም መሻገር እንዳልቻለ አመነ። ነገር ግን ጭሷን በየቀኑ አይቷል።

«ጭሱ ላይ ስሟ ተጽፎበት ነበር?» አለ ጠበቃው። ሰው ሳቀ። ሆሬስ ባርኔጣውን እያሻሸ ወርዶ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ድሩሲላ ማስታወሻውን አወጣች። ቀን በቀን መጻፏን ተናግራ፣ ቀኖቹንና ቤቷ መዋሏን የሚያሳዩትን መስመሮች ብቻ እንድታነብ ፈቃድ ለመነች። ጠበቃው ብድግ አለ። እንደ ዘቢብ እየተለቀመ የሚነበብ ማስረጃ አይቶ አያውቅም፤ ወይ ሙሉውን ታንብብ፣ ወይ ትዝጋው። ሹሙ ጺሙን አሸና ጠበቃው ልክ ነው አለ፤ ከጥቅምት ጀምሮ፣ አንድ ቃል ሳይዘለል።

ድሩሲላ ቀና ስትል ሮዳን አየች። ሮዳ ሹራቧን እየሠራች በርቺ በሚል ዓይን ፈገግ አለችላት። የአፈሩን ጡብ በጉያዋ ተሸክማ ግድግዳውን ያቆመችላት ሴት ናት። ባማጠችው ላም፣ በታመመችው ድሩሲላ፣ በጎደለው ጨው ሁሉ የደረሰች ናት። መጽሐፉ ከተነበበ መሬቱን ይዛ ጎረቤቷን ልታጣ ነው። ካልተነበበ ሁለቱንም አጥታ ደረጃ ሥር ያለችው ክፍል ትገባለች። ድሩሲላ ማስታወሻውን ከፈተችና ጀመረች። ድምፅዋን ዝቅ ልታደርግ አስባ ነበር፤ የሹሙ ጆሮ ስለማይሰማ ግን ጮክ በይ ተባለች።

«ጥቅምት አሥራ አምስት። ቅዝቃዜ። ሮዳ ግሪምስ ዳቦ ላከችልኝ። ልቧ ወርቅ ነው። ዳቦውን በሩ ሥር ሸጎጥኩት፤ ነፋሱን ከመቀርቀሪያው ይልቅ ያዘልኝ። እስከ ሦስት ቀን አልተነቃነቀም።»

የሮዳ መርፌዎች ቆሙ። ድሩሲላ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል ቀጠለች። ኅዳርን አነበበች፤ ኮርንዌልን «ጋጣ ያለው ጭቃ» ያለችበትን አነበበች፤ ከኋላ አጉረመረሙ።

«ገና። ግሪምሶች መጡ። ሆሬስ ዘፈነ። ላሚቱ እስከ ረቡዕ ወተት ከለከለችኝ።»

ሆሬስ ጣራውን ያይ ጀመር። ጆሮው ብቻ ቀልቷል። ድሩሲላ ወደ ጥር ገባች። አሁን ቀጥሎ ስሙ የሚነሳው ሰው ማን ይሆን በሚል ሁሉም ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ጥር ዘጠኝ። ታላቅ በረዶ። አሳሄል ፕሩት በሸርተቴ መጥቶ ለጋብቻ ጠየቀኝ። የሚወደኝ በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ ምንጬ። ሁለተኛ ማረሻዬ። ሦስተኛውን ሲያስብ ቆይቶ እንደገና ምንጬን ጠቀሰ። አይሆንም አልኩት። ለአባቴ የጻፍኩትን ደብዳቤ ፖስታ ቤት እንዲያደርስልኝ ሰጠሁት። ከደረቀ ፖም የጋገርኩት ፓይ ነበረኝ። አሁን የለኝም።»

ሳቁ ከፊት ወንበር ተነስቶ ከደጅ ደረሰ። ጠበቃው ብድግ ብሎ ይህ ሁሉ ትናንት ማታ ተጽፎ ሊሆን እንደሚችል፣ ሴት ልጅ የፈለገችውን ወንድ በወረቀት ላይ ልታመጣው እንደምትችል ተናገረ። ፕሩትም ራሱን እየነቀነቀ አጽድቆለት በኩራት ተቀመጠ፤ ያን ክረምት በዚያ ደጃፍ አላለፍኩም ብሎ ጠዋት ምሏል። ሹሙ እንድትቀጥል አመለከታት።

የካቲትን አነበበች። ፕሩት ለሁለተኛ ጊዜ የመጣው ግማሽ መስታወት በስጦታ ይዞ ነው፤ ሌላኛውን ግማሽ ከሠርጉ በኋላ ሊሰጣት። ፕሩት ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ መጋቢት መጣ።

«መጋቢት አሥራ አንድ። ፕሩት ሦስተኛ ጊዜ መጣ። ዛሬስ በደንቡ ነው ብሎ ተንበረከከ። አይሆንም አልኩት። ጉልበቱ አልዘረጋ ብሎት መነሳት አቃተው። ከወለሉ ላይ በአካፋ ፍቄ አነሳሁት፤ ድንችም እንዲህ አያስቸግር።»

ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጡ የፈረስ ነጋዴዎች ጭናቸውን መቱ። ሹሙ እንኳ በማይሰማው ጆሮው የሰማ ይመስል ጺሙን በእጁ ሸፈነ። አሳሄል ፕሩት ዳኝነቱን፣ ምንጩን፣ ጠዋት የማለውን ሁሉ ሊረሳ የሚችል ሰው ነው፤ ጉልበቱን ግን አይረሳም። ብድግ አለና ጣቱን ቀሰረባት።

«ይሄ ነጭ ውሸት ነው። አካፋ የሚባል አልነካኝም። ጠረጴዛዋን ተደግፌ በገዛ ጉልበቴ ነው የተነሳሁት።»

ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «የትኛውን ጠረጴዛ፣ አቶ ፕሩት?»

«የሷን ነዋ። ምድጃው አጠገብ ያለውን። አንድ እግሩ አጭር የሆነውን።»

«በመጋቢት?»

ፕሩት የቀሰረውን ጣት አጠፈ። ጠበቃው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ እንደ ተኛ ሰው ሆነ። የሹሙ ብዕር ሲጭር ተሰማ፤ ብዙም አልጻፈም። ክሱ ወድቋል። የአምስቱ ዓመት ማስረጃ ተቀባይነት አግኝቷል። ወረቀቱ ከዋሽንግተን ሲመጣ መሬቱ የድሩሲላ ታፕን ነው፤ እስክትሞት ድረስ፣ ከሞተችም በኋላ ለፈለገችው። ሹሙ አንገቱን አቀና አድርጎ ልጁን እንደሚመክር አባት ባለ ድምፅ፣ ሌላ ጊዜ ለአባቷም እውነቱን ብትጽፍ ለሁሉም እንደሚሻል መከራት።

የመመለሻው መንገድ ከመሄጃው ረዘመ። ሆሬስ ፈረሶቹን ይነዳል፤ ሮዳ መሐል ተቀምጣለች፤ ድሩሲላ ዳር። ድሩሲላ ይቅርታ የምትጠይቅበትን ቃል አሥር ጊዜ አዘጋጅታ አሥር ጊዜ ዋጠችው፤ የጻፈችው እውነት ስለነበረ ይቅርታው እንዴት እንደሚጀመር አላወቀችም። ሮዳ የምሳውን ቅርጫት ጭኗ ላይ አድርጋ ከፊቷ ያለውን ሜዳ ታያለች።

«ልቧ ወርቅ ነው ብለሽ ነበር የጻፍሽው?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ከዳቦው በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት።»

ሮዳ ጥቂት አሰበች። «እንግዲህ ዳቦዬ ምን እንደሆነ እኔም አላጣሁትም። ሆሬስ አሥራ ስድስት ዓመት ሲበላው ፊቱን አይቻለሁ። ግን ፊት ለፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ሰው እኮ ይማራል።»

«ፈራሁ» አለች ድሩሲላ። «አንቺን ካጣሁ ማን አለኝ?»

«አሁን ነገርሽኝ። ያውም በሁለት መቶ ሰው ፊት» አለች ሮዳ። ከዚያ ጉንጯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ድሩሲላ ልታለቅስ ነው ብላ ደነገጠች፤ ሮዳ ግን እየሳቀች ነበር፤ ጋሪው እስኪወዛወዝ ሳቀች። «ላሚቱ እስከ ረቡዕ። አንተ ሆሬስ፣ ሰምተሃል? እስከ ረቡዕ።»

«ሰምቻለሁ» አለ ሆሬስ። «የቀሩት አሥር ማይል ላይ ልዝፈንላችሁ እንዴ?»

በሳምንቱ ድሩሲላ ለአባቷ ጻፈች። አልተሽኮረመመችም። ቄሱም፣ ቤቱም፣ ኦርጋኑም እንዳልነበሩ፣ ያን ክረምት በአፈሩ ቤት ከላሚቱ ጋር እንዳሳለፈች፣ አሁን መሬቱ የእሷ ስለሆነ እሷን ለመመለስ የሚመጣ ሰው ባቡሩን በከንቱ እንዳያስቸግር፣ ለመጠየቅ ከሆነ ግን በግንቦት እንዲመጡ፣ የፕለም ችግኝም እንዲያመጡላት ጻፈች። አቶ ኤልካና በስድስተኛው ሳምንት መልስ ላኩ፤ ደብዳቤያቸው ስለ ውሸቷ በጉባኤው ፊት ንስሐ መግባታቸውን ይናገራል፤ ከዚያም ስንት ችግኝ እንደምትፈልግ ይጠይቃል።

ከሁሉ ያስቸገራት ግን የፈራችው አልነበረም። ከዚያ ችሎት በኋላ ስለ ማስታወሻው በአርባ ማይል ዙሪያ ያልሰማ አልቀረም። ሰዎች በሰበብ በሰበቡ ይመጡ ጀመር። አንዱ ወንፊት ሊዋስ ይመጣና፣ እንዳጋጣሚ፣ ስለ እኔስ ምን ተጽፏል ይላል። የተሰደቡት እየሳቁ ሄዱ፤ አንጥረኛው «ከመዶሻው አናት ይልቅ የራሱ ይጠነክራል» የተባለውን በራፉ ላይ ሊጽፈው ትንሽ ቀረው። ስማቸው ያልተነሳው ናቸው የተቀየሙት። ከሁሉ ይልቅ የሱቁ ባለቤት ሚስት፣ ወይዘሮ ካሊስታ ሞት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሃያ ማይል በጋሪ መጥታ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አምስት ዓመት ሙሉ ከሱቃችን ሸምተሻል» አለች። «ሰው ሁሉ አለበት ይሉኛል። ፕሩት እንኳ ሦስት ጊዜ አለበት። እኔ ምን አድርጌሽ ነው የተውሽኝ?»

ድሩሲላ እርሳሷን አነሳች፤ የዕለቱን ገጽ ከፈተች፤ ሴትዮዋን ከባርኔጣዋ ላባ ጀምሮ እስከ ጫማዋ ድረስ ሳትቸኩል አየቻት። ወይዘሮ ሞት ወገቧን አቀናች፣ አገጯን ከፍ አደረገች፣ ሥዕል እንደሚሣልላት ሰው እስትንፋሷን ይዛ ጠበቀች።